ዮናታን አለ

ወይዘሮ ኤልዳና ዘውገ በየማለዳው ከአሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ሲወርዱ ሊፍቱ ውስጥ የሚቀበላቸው የራሳቸው ፊት ነው። የሃያ አራት ዓመት ፊት። ፈገግ ብሎ፣ «እንደምን አደሩ እማማ፤ ቦታ አለ፤ ይግቡ» ይላቸዋል። ወይዘሮ ኤልዳና ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ይገባሉ። በሩ ሊዘጋ ሲል ፊቱ ነጠላቸውን ሰብሰብ እንዲያደርጉ ይመክራቸዋል፤ ነጠላ ይልበሱም አይልበሱም። መልስ ሰጥተውት አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጉንፋን ይዟቸው በነበረ ሰሞን፣ «አንቺ ደግሞ» ብለውታል።

ፊቱ በከተማው የሌለበት ቦታ የለም። በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ «ሐኪም አለ» ይላል። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት «መድኃኒቱ አለ» ይላል። ውኃ በፈረቃ መምጣቱ ካልተቀየሩት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነውና፣ በፈረቃው ቀን በየኮሪደሩ ብቅ ብሎ «ውኃ አለ» ሲል ሰው ባልዲውን ይዞ ይወጣል። ድምፁ ደስ ይላል። ወይዘሮ ኤልዳናም ድምፁ ደስ እንደሚል አይክዱም።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። በ2047 ዓ.ም. «ብሎክ አርባ ሰባት» በሚባል ተከታታይ ድራማ ላይ ሊሠሩ ሲቀጠሩ አንድ ወረቀት ፈርመዋል። ወረቀቱ መልካቸውንና ድምፃቸውን ለድርጅቱ ይሰጣል። «እስከ» የሚል ቃል አልነበረበትም። የመልኩ ባለቤት ድርጅቱ ስለሆነ፣ ወይዘሮ ኤልዳና ፎቶ ሲነሡ ፊታቸው ላይ ጭጋግ ይወርዳል። የእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ በተነሣው ፎቶ አሥራ አንድ ሰውና አንድ ደመና ይታያል። ደመናው ሐምራዊ ቀሚስ ለብሷል።

በ2097 ዓ.ም. የካቲት ላይ ድርጅቱ «ብሎክ አርባ ሰባት»ን እንደ አዲስ ሊሠራ መሆኑን አስታወቀ። በዚያ ዘመን አዲስ ድራማ መሥራት አልተከለከለም፤ የሚሠራ አልተገኘም እንጂ። ሁሉም ነገር ተመልሶ ይሠራ ነበር፤ ዘፈኑ፣ ካፌው፣ የጫማው ሞዴል። ስም ሳይቀር ተመልሶ ነበር። ኤልዳናና ማክቤል የአያት ስም ሆነው፣ በየመዋእለ ሕፃናቱ ጫንያለውና ትጓደድ ይሯሯጡ ነበር።

ድርጅቱ ሕዝቡን አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ ነባር ተዋንያን ይመለሱ ወይስ አይመለሱ? ለሦስት ሳምንት ሊፍቱ መልስ ሳያገኝ አይንቀሳቀስም ነበር። ፊቱ ለወይዘሮ ኤልዳናም ጥያቄውን አቀረበላቸው፤ «እማማ፣ ነባር ይመለስ?» አላቸው። «ይመለስ» የሚለውን ተጫኑ። አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ የገቡት አቶ ማክቤል፣ ጡረታ የወጡ የክሬን ኦፕሬተር፣ እዚያው ዓይናቸው እያየ «አይመለስ» የሚለውን ተጫኑ።

«አትቀየሚኝ ኤልዱ» አሉ። «ያን ድራማ ያየሁት ጸጉር እያለኝ ነው። ዛሬ አንቺን ካየሁ ጸጉሬ ትዝ ሊለኝ ነው።»

«አንተ ጸጉር ነበረህ?»

አቶ ማክቤል እስከ ምድር ቤት ድረስ ክርክራቸውን ቀጠሉ። ያረጀ ሰው ለማየት መስታወት እንዳላቸው፣ ወጣቱ ፊት እያለ አሮጊቷን ከቤት ማስወጣት ግፍ እንደሆነ፣ ደግሞም ሁለቱ ባንድ ላይ ከመጡ የትኛዋ «አንቺ» የትኛዋ «አንቱ» እንደምትባል ግራ እንደሚገባቸው ተናገሩ። ወይዘሮ ኤልዳና የመጨረሻው ነጥብ እሳቸውንም ያስቸግራቸው እንደነበር አምነዋል።

ከመቶ ሰማንያ ሦስቱ ሰው ይመለሱ አለ። በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፤ «ነባር ተዋንያን ዳግም ሥሪቱን በተመለከተ መጋቢት 4 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በዋናው ጽሕፈት ቤት ይሰማሉ» ይላል። በሕይወት ያሉት ነባር ተዋንያን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ወይዘሮ ኤልዳና «ይሰማሉ»ን አጥብቀው አነበቡት፤ ይደመጣሉ ለማለት። በሃምሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማቸው ሰው ተገኘ። ሐምራዊ ቀሚሳቸውን ተኮሱ። የሚናገሩትን በሦስት ገጽ ጻፉ፤ ወደ አንድ ገጽ አሳጠሩት፤ በመጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀረ። «ዮናታንን አትንኩብኝ።»

ዮናታን በድራማው ውስጥ ወንድማቸው ነበር። የሚጫወተው ናሆም የሚባል ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰዓት አክባሪ። ሰዓት አክባሪነቱ ጠላት አፈራለት፤ አለቆቹን ለምን ትዘገያላችሁ እያለ ስላስቸገረ በሠላሳ ስምንተኛው ክፍል እንዲሞት ተወሰነ። በደራሲው ወረቀት ላይ ዮናታን ሩቅ አገር ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል፤ እህቱ አልጋ ላይ ወደዋለችው እናታቸው ትገባለች፤ የሟቹን የመጨረሻ ቃል ትናገራለች። የተጻፈው እንዲህ ነው፤ «እማ፣ ዮናታን አለ፦ እናቴን አደራ።»

«አለ» እዚህ ላይ ላልቶ ነው፤ ተናገረ ለማለት። ኤልዳና ግን አጥብቃ ተናገረችው። «እማ፣ ዮናታን አለ።» በሕይወት አለ። ከዚያ ቆመች፤ «አደራ» የሚለው አልወጣትም።

በዚያ ዘመን ድራማ አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ፊት እየተሠራ በቀጥታ መተላለፉ ፋሽን ነበር። የተባለ ነገር አይመለስም። እናት ሆና የምትሠራው አንጋፋ ተዋናይ፣ በድርሰቱ መሠረት መነሣት የማትችለው፣ ከአልጋዋ ተነሥታ እልል አለች። ሕዝቡ ቆመ። ደራሲው በማግስቱ ዮናታንን ከጉድጓድ የሚያወጣበት መንገድ ሲፈልግ ዋለ። ድራማው ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሄደ። ጋዜጦቹ ነገሩን «የኤልዳና ስሕተት» አሉት። እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠየቁ «ተሳስቼ ነው» ብለዋል።

በስድስተኛው ዓመት ኤልዳናና ናሆም ተጋቡ። አገሩ እህትና ወንድም ተጋቡ ብሎ አጉረመረመ። የሰፈር ሴቶች ሠርጉ ላይ በልተው ሲወጡ ነውር ነው አሉ። ናሆም ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሲሞትም ለቀብር የመጣው ሰው «ወንድሟን» እያለ ነበር የሚያለቅስላቸው። ፎቶ ተነሥቷል። ሬሳ ሳጥኑ ላይ የተቀመጠው የናሆም ምስል ጭጋግ ነው፤ አጠገቡ የቆሙት ወይዘሮ ኤልዳናም ጭጋግ ናቸው። የናሆም ፊት ጥርት ብሎ የሚታይበት ቦታ በዓለም ላይ አንድ ነው፤ ዮናታን።

መጋቢት አራት ቀን ሦስት ሰዓት ላይ ዋናው ጽሕፈት ቤት ደረሱ። የነባር ጉዳዮች ኃላፊዋ ትጓደድ ትባላለች፤ ሠላሳ ያልሞላት፣ ትሑት፣ ንግግሯ ለስላሳ። ወንበር ስባ ከስክሪን ፊት አስቀመጠቻቸውና ጆሮ ማዳመጫ ሰጠቻቸው። ወይዘሮ ኤልዳና ማይክሮፎኑን ፈለጉ። አልነበረም።

«የምናገረው በየት በኩል ነው ልጄ?»

ትጓደድ ደብዳቤውን አወጣችና በጣቷ አሳየቻቸው። «እማማ፣ ይሰማሉ ነው የሚለው።» ላልቶ። «እኛ እናሰማለን፣ እርስዎ ይሰማሉ።»

ሰሙ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከየክፍሉ የተቀነጨበውን ሰሙ። ፊታቸው በሃያ አራት ዓመቱ ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ እሳቸው አልቅሰውበት በማያውቁት ቦታ ሳይቀር ያለቅሳል። ናሆምም ነበር፤ በር ላይ ጎንበስ ብሎ ሲገባ አዩት፤ ጎንበስ የሚለው እንደ ልማዱ ነው፤ በሩ ግን አሁን ከፍ ተደርጓል፤ ጎንበስ የሚያሰኝ ነገር የለውም። ሠላሳ ስምንተኛው ክፍል ደረሰ። ወጣቷ ኤልዳና ወደ እናቷ ገባች። «እማ፣ ዮናታን አለ፦ እናቴን አደራ» አለች። ላልቶ። ጥርት ያለ፣ ያለ እንከን። እናቲቱ አልጋዋ ላይ እንደተኛች አለቀሰች። ዮናታን ሞተ።

ወይዘሮ ኤልዳና ጆሮ ማዳመጫውን አውልቀው እጃቸውን አወጡ፤ ተማሪ እንደሚያወጣ። ትጓደድ ተረድታቸዋለች፤ ለዚህ የተዘጋጀ ማብራሪያ ነበራት። መዝገብ ቤት ሲፈተሽ የደራሲው የእጅ ጽሑፍ ተገኝቷል። ከጽሑፉ ጋር ሲነጻጸር በድሮው ሥራ ላይ ሁለት መቶ አሥር ስሕተቶች ተለይተዋል፤ ይህ ስሕተት ቁጥር አንድ ነው። ዳግም ሥሪቱ ስሕተቶቹን ያቃናል።

«ሕዝቡ ነባሩ ይመለስ ብሎ የለም እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና።

«ብሏል፤ መልሰናል። ከእርስዎ የሚቀድም ነባር ግን ተገኘ እማማ። ወረቀቱ።»

«ወረቀቱ እልል ያስብላል?»

ትጓደድ ይህን የሚመለከተው ሌላ ክፍል መሆኑን ነገረቻቸው። ከዚያ አንድ ቅጽ አቀረበች። ማስተካከያ የሚፈጸመው ከሕያው ምንጭ ምልክት ሲገኝ ነው፤ ሕጉ የምንጭን ሐሳብ አይጠይቅም፣ ምልክት ይጠይቃል። ምንጭ ማለት ወይዘሮ ኤልዳና ናቸው። ቅጹ ላይ «አለ፤ ላልቶ ይነበብ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ሁለት ሳጥን አለ። አንዱ «በዚህ ቦታ ብቻ» ይላል። ሁለተኛው «በሁሉም ቦታ» ይላል። ምልክት ካላደረጉስ ብለው ጠየቁ። ካላደረጉ ድርጅቱ ምንጭ እንደሌለ ይመዘግባል፤ የሌለ ምንጭ ደግሞ የሊፍት ፈቃድ የለውም። አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት።

ወይዘሮ ኤልዳና እስክሪብቶውን አነሡ። የኮሪደራቸው ግድግዳ ትዝ አላቸው፤ ባልዲዎቹም ትዝ አሏቸው። ከዚያ «በሁሉም ቦታ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረጉ። ዮናታን መሞቱ ካልቀረ ሁሉም አብሮ ይላላ ብለው ነው። ትጓደድ ሳታየው አጣጥፋ አስገባችውና አመሰገነቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሊፍቱ ተከፈተ። ፊቱ ፈገግ ብሎ፣ «እንደምን አደሩ እማማ፤ ቦታ አለ፤ ይግቡ» አላቸው። ላልቶ። አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ አቶ ማክቤል አንድ እግራቸውን አስገብተው ቆሙ።

«ቦታ ምን አለ?»

«እኔን ትጠይቃለህ? ፊቷን ጠይቃት።»

እስከ ቀትር ድረስ ከተማው ሁሉ ይጠይቅ ነበር። የፈረቃው ቀን ነበርና ፊቱ በየኮሪደሩ ብቅ ብሎ «ውኃ አለ» አለ፤ ሰው ባልዲ ይዞ በመውጣት ፈንታ የቀረውን ዓረፍተ ነገር ጠበቀ። ውኃው መጣና ሄደ። ከዚያ ቀልዱ መጣ። «ውኃ ምን አለ?» ይላል አንዱ ከመስኮት። «ነገ እመጣለሁ አለ!» ይላል ሌላው ከታች። መብራትስ ሲባል፣ እሱ እንኳ ያለውን አያደርግም ተብሎ ይመለስ ነበር። አቶ ማክቤል በአንድ ቀን ውስጥ ከጡረታ የተመለሱ መሰሉ፤ በየፎቁ እየወረዱ ማን ምን እንዳለ ለጎረቤቱ ያስረዱ ነበር።

በጤና ጣቢያው ቀልድ አልነበረም። ግድግዳው «ሐኪም አለ» ስላለ፣ ሐኪሙ ያለውን ሊሰሙ ሰባ ሰዎች አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው ዋሉ። ሐኪሙ ውስጥ ብቻውን ነበር። ከአሥራ ሁለተኛ ፎቅ የመጣች አስም ያለባት ሴት እዚያው አግዳሚው ላይ ትንፋሽ አጠራት፤ ተረፈች፤ በሩን በርግዶ ያስገባት ጆሮው የማይሰማ ዘበኛ ነው፤ ግድግዳውን ሰምቶት አያውቅም ነበር። ወይዘሮ ኤልዳና ይህን ሲሰሙ ምሳቸውን ሳይነኩ ከደኑት። ዘበኛውን ሊያመሰግኑ ሄዱ፤ ሴትየዋንም ጠየቁ፤ ሳጥኑ ላይ ምልክት ያደረጉት እሳቸው መሆናቸውን ነገሯት። ሴትየዋ አየቻቸውና፣ «ምን አስበው ነው?» አለች።

በስድስተኛው ቀን ትጓደድ መጣች። ሊፍቱ ቦታ ያለውን ሳይጨርስ አልገባም የሚል ሰው በሩን ይዞት ስለነበር አሥራ ዘጠኙን ፎቅ በደረጃ ወጥታለች። ውኃ ሰጧት። ጠጣች። ነገሩን በተለሳለሰ ድምፅ አስረዳች፤ የዘጠኝ ዓመቱ ቅጂ በሙሉ በቅጹ መሠረት ተስተካክሏል፤ የጠበቀ «አለ» በድርጅቱ እጅ አንድም አልቀረም፤ ስሕተት ተብሎ ተደምስሷል። ሕያው ምንጭ እንደገና ካላለው ከየትም አይመጣም።

«አንድ ቃል ብቻ ነው እማማ።»

«የቱ ቃል?»

ትጓደድ ጫማዋን አየች። «ስሕተት ቁጥር አንድ።»

«እመጣለሁ። ስመጣ ግን እሰማለሁ» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና። አጥብቀው ነው ያሉት፤ እደመጣለሁ ለማለት። የትጓደድ ጆሮ በስድስት ቀን ውስጥ ተስሎ ስለነበር ወዲያው ገባት።

ጉዳዩን በወረቀት አደረጉት። ወይዘሮ ኤልዳና በእጃቸው፣ «በሠላሳ ስምንተኛው ክፍል ላይ ዮናታን አለ» ብለው ጻፉ። ከዚያ የድሮ አስተማሪዎች ቃል ሲጠብቅ እንደሚያደርጉት በ«ለ» ራስ ላይ ሁለት ነጥብ አሳረፉ። ትጓደድ ትንኝ መስሏት እፍ አለችበት። አልተነሣም። ፈረመች።

ቀረጻው ክፍል ውስጥ ጫንያለው የሚባል ባለሙያ ነበር። «አለ» ብቻ ይበሉ አላቸው፤ ከፊት ከኋላው ምንም አያስፈልግም። ወይዘሮ ኤልዳና ማይክሮፎኑን ጠጋ አሉ። «እማ፣ ዮናታን አለ» አሉ። ጫንያለው በአክብሮት አቋረጣቸው፤ ቃሉን ብቻ ነው የምንፈልገው እማማ። እሳቸው ደግሞ እንደዚያው አሉ። ሦስት ጊዜ።

«ማን እንዳለ ካልነገርኩህ ምን ሊሠራልህ ነው?» አሉት። «ከዚያ ላይ ቁረጠው። መቁረጥ ታውቁበታላችሁ።»

ቆረጠው። ሲወጡ ትጓደድ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። በሩ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያን ጊዜ እውነት ተሳስተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ነበራቸው። ቀሚሳቸውን አስተካከሉ።

«ያስጠናኝ እኮ ናሆም ራሱ ነው» አሉ። «አራት ቀን። ላልቶ። የሚያስወጣው ቃል መሆኑን እያወቀ፣ በደንብ አላላሽውም እያለ ያርመኝ ነበር። አምስተኛው ቀን ላይ ሕዝብ ፊት ስቆም፣ እንግዲህ ያርመኝ አልኩ።»

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሊፍቱ ውስጥ ያለው ፊት የሃያ አራት ዓመት ነው፤ ድምፁም የሃያ አራት ዓመት ነው፤ አንዱ ቃል ብቻ የሰባ አራት ዓመት ነው። «እንደምን አደሩ እማማ፤ ቦታ» ድረስ ልጅ ናት፤ «አለ» ሲደርስ ጉሮሮዋ ሻካራ ነው። ሕፃናቱ ፈርተው ነበር፤ ለመዱት። በጤና ጣቢያው «ሐኪም አለ» ሲባል ሰው ይነሣል። ድርጅቱ ጉዳዩን «የነባር ስሕተት በነባር ተሳትፎ ተመልሷል» ብሎ በይፋ አወጣ፤ ስም አልጠቀሰም። «ምን አለ?» ማለት ግን የከተማው አመል ሆኖ ቀረ።

ሠላሳ ስምንተኛው ክፍል የደረሰው ነሐሴ ውስጥ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። የሕንፃው ሰው ምድር ቤት ባለው የጋራ አዳራሽ ተሰበሰበ። ዝናብ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ፎቋ ሴት መጥታ ከወይዘሮ ኤልዳና ሁለት ወንበር አልፋ ተቀመጠች፤ ሰላም አላለቻቸውም። አቶ ማክቤል ግን እዚያው አጠገባቸው ነበሩ፤ ነባር አይመለስ ብዬ ነበር እያሉ፣ ቆሎ እየቆረጠሙ።

ወጣቷ ኤልዳና በሩን ከፍታ ገባች። አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። «እማ፣ ዮናታን» አለች በልጅ ድምፅ። ከዚያ ቃሉ መጣ፤ ያረጀ፣ የተሰነጠቀ፣ የጠበቀ። እናቲቱ ከአልጋዋ ተነሣች።

አቶ ማክቤል ቆሎውን አቁመው እንደ አመላቸው ወደ ወይዘሮ ኤልዳና ዘንበል አሉ።

«ዮናታን ምን አለ?»

«ምንም አላለም» አሉ ወይዘሮ ኤልዳና፣ ዓይናቸውን ከምስሉ ሳያነሡ። «አለ።»